ጋሽ ዘውገ እና የማይታመኑት ሕፃናት

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩበትን ቀን የጻፈ ሰው ስላልነበረ በእናቴ ቃል ነው የምሄደው፤ እሷም አንዴ ሃያ ሁለት፣ አንዴ ሃያ ሦስት ትለኝ ነበር። ስንት ኪሎ ሆኜ እንደተወለድኩማ ማን ጠይቆ! «ድቡልቡል ነበርሽ» ትለኛለች፣ በቃ። እንዲህ ያለችው እኔ ነኝ እንግዲህ የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ ስንት ኪሎ፣ ስንት ሳንቲሜትር ሆኖ እንደተወለደ ከጠዋት እስከ ማታ በትልቅ ወረቀት ላይ ስገለብጥ የምውለው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የጋሽ ዘውገ መሞት ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የካ አባዶ ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ጎመን ስቀነጥስ ስልክ ተደወለ። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደበበ ነው። «ሸዋዬ፣ ጋሽ ዘውገ አረፉ» አለኝ። ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነም ነገረኝ፤ እኔ ግን ጎመኑን እንደያዝኩ ሳልሰማው ቀርቼ መልሼ መደወል ነበረብኝ።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በቅንነት አገልግለዋል» ተባለና ታለፈ። እኔ ደግሞ ነገር እንዲህ ሲታለፍ የሚያመኝ ሴት ነኝ። ያንን የታለፈውን እኔው ልናገረው።

ቢሯችን ወደ የካ መዳረሻው ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነበር። ከጤና ጣቢያውና ከክሊኒኩ ሁሉ የተወለዱ ሕፃናት መዝገብ ግልባጭ በጆንያ እየተጫነ ይመጣልናል። ጆንያ ስል የእህል ጆንያ ማለቴ ነው፤ አንዳንዴ ከወረቀቱ መሃል ጤፍ ይራገፍ ነበር። እኛ ገልባጮቹ የእያንዳንዱን ሕፃን ክብደት፣ ቁመትና የጭንቅላት ዙሪያ ወደ ትልቁ ወረቀት እናዛውራለን። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘውገ ደግሞ በእጅ በምትሽከረከር የሒሳብ መኪና ይደምራሉ፣ ያካፍላሉ። መኪናዋ ስትዞር የተበላሸ ወፍጮ ትመስል ነበር።

እኔ እዚያ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቁጥሩን ግን ወለል ስጠርግ የወደቀውን ወረቀት እያነሳሁ በማንበብ ለመድኩት። አንድ ጠዋት ጋሽ ዘውገ ሳነብ አዩኝ። መጥረጊያውን ከእጄ ወሰዱና እርሳስ ሰጡኝ።

«ወለሉስ?» አልኳቸው።

«ወለሉ ይቆይ።»

አነጋገራቸው እንዲህ አጭር ነበር። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ካፖርታቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሲያስቡ በእርሳሱ ጀርባ ቅንድባቸውን ያካሉ። ሚስት አላገቡም፤ ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ አብረዋቸውም ይኖሩ ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ከቁጥሮቹ ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሕፃን ሁሉ «ይሄ ሰውዬ»፣ «ይቺ እመቤት» እያሉ ይጠሩታል። የማይሆን ቁጥር ሲመጣ፣ ማለትም ሕፃን ሊሆነው የማይችል ክብደት ወይም ቁመት ተጽፎ ሲገኝ፣ ሌላው ሰው ይሰርዘዋል። እሳቸው ግን «ይሄን ሰውዬ አናግረነዋል?» ይላሉ። ከዚያ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቃሉ፦ «እጅ ነው? ሚዛን ነው? ወይስ ልጁ ራሱ?» የጻፈው እጅ ተሳስቶ ይሆናል፣ ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ወይም ደግሞ ልጁ እውነትም እንዲያ ሆኖ ተወልዷል ማለታቸው ነው። ላጲስ ጠረጴዛችን ላይ እንዲቀመጥ አይፈቅዱም። «ላጲስ ያለበት ቤት ልጅ ይጠፋል» ይሉናል።

«ጋሽ ዘውገ፣ ይሄኛው ሠላሳ አራት ኪሎ ነው የሚለው!» ይላል ደበበ። «ይሄ በምጥ አይደለም፣ በሎንቺና ነው የመጣው!»

«እጅ ነው። የጭንቅላቱን ዙሪያ ከክብደቱ ቦታ ጽፈውለት ነው። ጎኑ ላይ ጥያቄ አድርግበትና መልሰህ ላክላቸው።»

አንድ ጊዜ ደግሞ ዘጠኝ መቶ ግራም የተባለ ሕፃን መጣ። ደበበ «ይሄማ ሁለት ኪሎ የምትለዋን ረስተዋት ነው» ብሎ፣ ላጲስ ስለሌለ በእርሳስ አጠቆረው። ጋሽ ዘውገ ግን ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጤና ጣቢያው ዘንድ ጎራ ብለው ኖሮ፣ በማግስቱ የካፖርታቸውን ቁልፍ እንኳ ሳይፈቱ ከደበበ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ።

«ሰውዬውን አየሁት» አሉት። «እናቱ ጡት ስር ተወሽቋል። መዳፉ የኔን አውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። አንተ ሰርዘኸዋል፤ እሱ እየጠባ ነው።»

ደበበ አማተበ። ከዚያ ወዲህ እሱም ሲሰርዝ አይቼው አላውቅም፤ ልሰርዝ ሲል የሰማሁትም በእንጦጦው ጉዳይ ብቻ ነው።

«ቁጥር ሲያጠፋ ይጠየቃል እንጂ አይታሰርም» የምትል አባባልም ነበረቻቸው። ሰው ሳይጠየቅ በሚታሰርበት ዘመን ይህችን ሲናገሩ ደበበ በሩ መዘጋቱን ለማየት ብድግ ይል ነበር።

የእንጦጦው ጉዳይ የምለው እንዲህ ነው። ከእንጦጦ ራጉኤል አልፎ ወደ ጫካው ገባ ብላ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። የእሷ ጆንያ ሲከፈት ሕፃናቱ አንዱ ከአንዱ ይገዝፋሉ። አራት ኪሎ ተኩል፣ አምስት፣ አምስት ከምናምን፤ አንዱማ ስድስት ኪሎ አልፏል።

«ስድስት ኪሎ ሰፈር ነው እንጂ ሕፃን ነው እንዴ?» አለ ደበበ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ሳቃችንን ሰምቶ ጓድ ታምራት ገባ። የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነው፤ ከሲታ፣ በዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ እሱ ያልጀመረውን ሳቅ የማይወድ ሰው። «ምንድን ነው የሚያስቀው ጓዶች?» ብሎ ወረቀቱን ከደበበ እጅ ወሰደ። አነበበ። ፊቱ ተቀየረ።

«ይሄ በአብዮቱ ላይ ማላገጥ ነው። ለአብዮቱ በዓል ሪፖርት የሚገባ ቁጥር ነው ይሄ! ማን ነው የጻፈው?»

«የክሊኒኩ ጤና ረዳት ናት» አሉ ጋሽ ዘውገ። «ስሟ እዚህ የለም።»

«ጓድ ዘውገ፣ ከሁለት አንዱን ነው የምታደርገው። ወይ ቁጥሩን ታጠራልኛለህ፣ ወይ አሻጥረኛዋን በስም ታመጣልኛለህ። እስከ ዓርብ።»

በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ» ነበር የሚላቸው። እሳቸው «እርስዎ» እያሉ ነው የሚመልሱለት።

«ሦስተኛም አለ፣ ጓድ ታምራት። ቢጠይቁ እኮ…»

«እሱን እኛ እንጠይቃለን» አለና ወጣ።

ያን ዘመን ያልኖረ ሰው አሻጥር የምትለው ቃል ምን እንደነበረች ላይገባው ይችላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ማታ ቤቱ ላይገባ ይችላል። ደበበ ወንበሩን አስጠግቶ «ጋሽ ዘውገ፣ እባክዎን እኔ ልሰርዘው» አለ። «ስድስት ሰባቱን ከባባድ ባወጣ ቀሪው ደህና ቁጥር ነው። ያቺም ምስኪን ትድናለች፣ እኛም እንድናለን።»

ቅንድባቸውን በእርሳሱ አከኩ። «ሸዋዬ፣ ኦሮምኛ ትችያለሽ አይደል?»

«በእናቴ በኩል እችላለሁ።»

«ነገ ደህና ጫማ አድርጊ።»

በማግስቱ ጠዋት ሽቅብ ወጣን። ጉሙ ገና አልተነሳም፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች እየተንደረደሩ ይወርዳሉ። ጋሽ ዘውገ ትንፋሽ አጥሯቸው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ ቆመችና፣ «እኛ ይሄን ተሸክመን ዝም ብለናል፣ እርስዎ ባዶ እጅዎን ወጥተው ያለከልካሉ?» አለቻቸው። ጋሽ ዘውገ የካፖርት ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው፣ «አንድ ኪሎ ብረት ይዣለሁ እኮ!» አሏት። እውነታቸውን ነው። ከወፍጮ ቤት የተዋሱት የሚዛን ድንጋይ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ክሊኒኳ በኖራ የተቀባች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ጤና ረዳቷ ሙሉነሽ ትባላለች፤ ደቃቃ፣ ነጭ ጋዋኗ ላይ አረንጓዴ ሹራብ የደረበች፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ሴት። ካፖርት የለበሰ ሰው በሯ ላይ ስታይ የያዘችውን ሳህን ቶሎ አስቀመጠች።

«ከእነሱ ዘንድ ናችሁ?» አለች።

«ከቁጥሮቹ ዘንድ ነን» አሏት ጋሽ ዘውገ። «ሚዛንሽን አሳዪኝ፣ ልጄ።»

ብረቱን ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። ልክ አንድ ኪሎ። መዝገቧን ገለጥ አደረጉ፤ የእጅ ጽሕፈቷ የትምህርት ቤት ልጅ ደብተር ይመስላል። «ሚዛኑ ደህና ነው፤ እጅሽም ደህና ነው» አሉ። ግራ ተጋቡ። እንዲህ ሲሆኑ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። የዚያን ዕለት ሌሊት የወለደች አንዲት እናት አልጋው ላይ ተኝታ ነበር። «እስቲ ይሄን ሰውዬ እንደ ሌላው ቀን አድርገሽ መዝኚልኝ።»

ሙሉነሽ ሕፃኑን እንደተጠቀለለ አንስታ ሚዛኑ ላይ አኖረችው። ቀስቱ አምስትን አለፈ።

«ይፈታ» አሉ ጋሽ ዘውገ።

«አይሆንም።»

«ብርዱን ፈርተሽ ነው?»

«ብርዱም ነው።»

«ሌላስ?»

ሙሉነሽ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከፈታሁት አያለሁ» አለች። «ካየሁ መውረስ አለብኝ። ከወረስኩ የእናቲቱን ስም መጻፍ አለብኝ። ስለዚህ አልፈታም፣ ጋሼ። አላይም።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አራስ ያለ ብረት አትተኛም፤ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት፣ ልጇንም እንዳይነካባት ቢላም ይሁን መቀስ ከራስጌዋ ታደርጋለች። እናቴም ለእኔ ያደረገችው ነው። በዚያ ሰሞን ግን ካድሬዎቹ ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው ብለው በስብሰባ አውግዘውት ነበር። ክሊኒክ ውስጥ የተገኘ ብረት ይወረሳል፣ ባለቤቷም ትመዘገባለች ተባለ። ሴቶቹ ታዲያ ብረቱን ትተውት ይመጣሉ? ከራስጌ አነሱትና ከሕፃኑ ጋር ጠቀለሉት። ሙሉነሽም ሴት ናት፤ አውቃ እንዳላወቀች ሆነች።

አራሷን በኦሮምኛ አነጋገርኳት፤ እንደማንወስድባት ማልኩላት። ጋቢው ተፈታ፣ ከሥሩ የብርድ ልብስ ቁራጭ፣ ከሥሩ ነጠላ። በመጨረሻው እጥፋት፣ ከእግሩ በኩል፣ የመጥረቢያ ራስ። ከተማ ያለች አራስ መቀስ ይበቃታል፤ የእንጨት ቆራጭ ሚስት ግን እቤቷ ያለው ብረት እሱ ነው።

ሕፃኑ ራቁቱን ሲመዘን ሦስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ጮኸ፤ ጋሽ ዘውገ ቶሎ ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱት። የመጥረቢያውን ራስ በሁለት እጃቸው አንስተው ለእናቲቱ መለሱላት። «ሚዛን ላይ እሱ ብቻ ይውጣ፤ ብረቱን አንቺ ያዢው በያት» አሉኝ። ነገርኳት። ሳቀች። ሙሉነሽም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፤ ከባድ ነገር የወረደልን መስሎን ነበር።

«ካን ኮ ሆ?» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

የኔስ? ማለቷ ነው። ለክሊኒኩ ውሃ የምታመላልስ ጫልቱ የምትባል ሴት ናት፤ እንስራዋን አውርዳ ቆማ ስታየን ኖሯል። ለጋሽ ዘውገ እየተረጎምኩ ሰማኋት።

«የኔንም ልጅ እንዲሁ ነው የመዘናችሁት?» አለች። «ትንሽ ነው ብዬ ነበር። ጫጩት ነው የሚያክለው፣ እዚሁ ይቆይልኝ ብዬ ለምኜ ነበር።»

ሙሉነሽ አንገቷን ደፋች። ደንቡ ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች የሆነ ሕፃን ከተማ ሆስፒታል ይላክ ነው የሚለው። የጫልቱ ልጅ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ተብሎ ተጻፈ። ደህና ልጅ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። ሳምንቱን አልሞላም።

«ትልቁን ቢላ ነበር ያደረግሁለት» አለች ጫልቱ። ዓይኗ ጋሽ ዘውገ ላይ ነው። «ቢላው ነው እንግዲህ?»

እንዴት ብዬ እንደተረጎምኩት እግዜር ያውቃል። ጋሽ ዘውገ ቀና አሉ። ከዚያ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አዩ። በታይፕ የተመታ መመሪያ ነው፦ ሕፃን እንደተወለደ ይመዘን፣ ክብደቱ ይጻፍ፣ ግልባጩ ይላክ። ከታች ፊርማ አለ። የራሳቸው ፊርማ። ሕፃኑ ልብሱን አውልቆ ይመዘን የሚል ቃል የትም የለበትም።

«ቢላው አይደለም በያት» አሉኝ። «ቢላው ምንም አላደረገም። አውልቃችሁ መዝኑ ብሎ ያልጻፈ ሰው ነው።»

ነገርኳት። «ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ በያት።»

ሙሉነሽ «እኔ ነኝ እንጂ፣ ጋሼ፣ አውቄ…» ማለት ጀምራ ነበር። በእጃቸው አስቆሟት። ጫልቱ እንስራዋን አንስታ ውሃውን ወደ በርሜሉ ገለበጠችና ወጣች። እስካሁንም የዚያ ውሃ ድምፅ ይሰማኛል።

ስንወርድ ጋሽ ዘውገ ከተማው ከታች መታየት ሲጀምር ቆሙና ለእኔም ለራሳቸውም በማይመስል ድምፅ ተናገሩ።

«ደበበ በከባባዶቹ ሳቀ። ጓድ ታምራት በከባባዶቹ ተቆጣ። እኔም ሽቅብ የወጣሁት እነሱን ብዬ ነው። የጫልቱ ልጅ ግን ሁለት ከስምንት መቶ ብሎ በፊቴ ሲያልፍ እንደምን ዋልክ እንኳ አላልኩትም። ደህና ቁጥር ነዋ! ከባባዶቹ እኮ የጮሁልን ስለእሱ ነው፣ ሸዋዬ። እነሱን ብሰርዛቸው እሱን መቼም አላውቀው ነበር።»

ቤታቸው የካ ሚካኤል አጠገብ ስለነበር እህል ቅመሺ ብለው አስገቡኝ። እህታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ምሳ አቀረቡ። ጋሽ ዘውገ የሆነውን ሁሉ፣ ዓርብ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡም ሳይቀር ነገሯቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ጉርሻቸውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ላጲስ የለህም?»

«የለኝም፣ እትዬ።»

«እኔ እገዛልሃለሁ! አሁኑኑ ሱቅ ወርጄ እገዛልሃለሁ!»

«እሱን ብሰርዝ ነገም ተጠቅልለው ነው የሚመዘኑት።»

«ይጠቅለሉ! እንጦጦ ላይ አራስ ልጅ ራቁቱን ያውጡት? ብርድ ነው፣ ሰውዬ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ስሟን አትናገር፣ እሺ፣ እሱ ደግ ነው። ግን ዝም ማለት ስትችል የራስህን ስም የምትሰጠው ለምንድን ነው? የማታውቃት ሴት ናት። የማታውቀው ልጅ ነው። እኔ ካንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ጋሽ ዘውገ እንጀራውን በጣታቸው ሲቆራርሱ ቆዩ እንጂ አልበሉም። እትዬ ጥሩወርቅ እኔን እስከ በር ሲሸኙኝ፣ «አንቺ እንኳ ምከሪው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። እኔ ማን ሆኜ ነው እሳቸውን የምመክር?

ዓርብ ጓድ ታምራት መጣ። ጋሽ ዘውገ ተነስተው ቆሙና የጻፉትን ራሳቸው አነበቡለት። የዚያ ክሊኒክ ቁጥር አንዱም አልተሰረዘም። ሕፃናቱ በልብሳቸው ስለተመዘኑ ከባባዱም ደህና የሚመስለውም እኩል አይታመንም፤ ስለዚህ የክሊኒኩ ክብደት በሙሉ ከድምሩ ውጭ ሆኖ ለብቻው ይቀመጥ ይላል። ስህተቱ የመመሪያው ነው ይላል። ከዚህ በኋላ ሕፃን ራቁቱን ይመዘን፤ ብርድ ባለበት ቦታ ግን ክብደቱ በታወቀ የክሊኒኩ መጠቅለያ ይመዘንና የመጠቅለያው ክብደት ይቀነስ ይላል። ብረት የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች አልነበረበትም።

«እኔ ያልኩህ ስም ነው» አለ ጓድ ታምራት።

«ጽፌያለሁ።»

«የማንን?»

«የኔን። መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬ ግድግዳው ላይ አለ፣ ልከው ማስመጣት ይችላሉ።»

ጓድ ታምራት ወረቀቱን ደግሞ ደግሞ አነበበው። የሚናደድ መስሎኝ ነበር፤ ግራ የገባው ነው የሚመስለው። «ለአንዲት ጤና ረዳት ብለህ?» አለ ቀስ ብሎ፤ በዚያች ሰዓት ልጅነቱ ፊቱ ላይ ታየኝ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች በጂፕ መጡ። ጋሽ ዘውገ የሒሳብ መኪናዋን ሸፈኑ፣ የካፖርታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። ደበበ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር። በእኔ በኩል ሲያልፉ ጎንበስ ብለው፣ «የኮተቤውን ጆንያ ገና አላየነውም» አሉኝ።

የሙሉነሽን ስም ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። አዲሱ መመሪያ ለየክሊኒኩ ተላከ፤ መጠቅለያውን በሚመለከት ግን በጀት ሲገኝ ይታሰብበታል ተባለ። ጋሽ ዘውገ ከወራት በኋላ ተፈቱ። ወደ እኛ አልመለሷቸውም፤ ሩቅ አውራጃ መደቧቸው፤ ጸጉራቸው ነጭ ሆኖ የተመለሱት መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቻቸው ስለእስር ቤቱ ስጠይቃቸው፣ «ሲጠይቁኝ ነበር፤ ይኸው ነው» ብለው ስለልጆቼ ጠየቁኝ። የመጀመሪያዋ ስንት ኪሎ ሆና ተወለደች? አውልቀው ነው የመዘኗት? አውልቀው ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ገና ታስረው ሳሉ ግን እህታቸው ቢሮ ድረስ መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ በየዕለቱ ስንቅ ያመላልሱ ነበርና ከስተዋል። «ያቺ ክሊኒክ በየት በኩል ናት?» አሉኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ ማለዳ ይዣቸው ወጣሁ። ዘንቢል ተሸክመዋል፤ ልያዝልዎ ብላቸው እምቢ አሉ።

ሙሉነሽ ማን እንደሆኑ ስነግራት መሬት ስማ ልትነሳ ነበር፤ ክንዷን ይዘው አቆሟት። ዘንቢሉን ከፈቱት። በቤታቸው የነበረውን ወፍራም ብርድ ልብስ ሁሉ፣ የወንድማቸውንም አልጋ ልብስ ጨምረው፣ በሕፃን ልክ ቀደውት ዳር ዳሩን በእጃቸው ሰፍተውታል። በርበሬ ሻጭ ዘንድ ወስደው እያንዳንዱን አስመዝነዋል፤ የከበደውን እየሸረፉ፣ እንደገና እየሰፉ፣ ሁሉንም እኩል አድርገዋቸዋል።

«እኩል ናቸው» አሏት። «ክብደቱን ጠርዙ ላይ በክር ጠልፌዋለሁ። ከሕፃኑ ላይ ቀንሺው።»

ሙሉነሽ አንዱን አንስታ ሚዛኑ ላይ አደረገችው፣ ሁለተኛውንም። እትዬ ጥሩወርቅ እስክትጨርስ አልጠበቁም። ባዶውን ዘንቢል አጣጠፉና፣ የወንድማቸው ስንቅ እንዳይረፍድባቸው ቶሎ ቶሎ እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱ።